ፓርቶችን ለሪጅን መመደብ፦ ስንት ሪጅን ያስፈልጋል? ኢንተርፌሱስ ለምን አልተፈጠረም?

የደረሰኝ ጥያቄ ስለ ስታር ሲሲኤም ፕላስ ነው፤ ፍሰትንና ሙቀትን በኮምፒውተር የሚያሰላ ሶፍትዌር ነው። በእሱ ቋንቋ ፓርት የሞዴሉ አንድ ቁራጭ ቅርጽ፣ ሪጅን ፊዚክሱ የሚፈታበት ይዘት፣ ኢንተርፌስ ሁለት ሪጅኖችን የሚያገናኝ ገጽ፣ ሜሽ ደግሞ ስሌቱ የሚካሄድባቸው የትንንሽ ሴሎች መረብ ነው። ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በስታር ሲሲኤም ፕላስ የአንድ ኤሌክትሮኒክስ ሳጥን የማቀዝቀዝ ሲሙሌሽን እየሠራሁ ነው። ከካድ (ከንድፍ ሶፍትዌር) ያስገባሁት ሞዴል የአሉሚኒየም ሳጥን፣ ሰርኪት ቦርድ፣ 15 ዋት የሚያመነጭ ፕሮሰሰር (20 በ20 በ2 ሚሊ ሜትር)፣ እያንዳንዳቸው 1 ዋት የሚያመነጩ ሦስት ትንንሽ ቺፖች (6 በ6 በ1 ሚሊ ሜትር)፣ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያሰራጭ ባለ ክንፍ ብረት) እና ብሎኖች አሉት። አየር በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። መጀመሪያ ሁሉንም ፓርት በአንድ ሪጅን መደብኩ፤ ለየክፍሉ የተለያየ ማቴሪያል መስጠት አልቻልኩም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፓርት የራሱን ሪጅን ሰጠሁ፤ ሜሹ ወጣ፣ ሲሮጥ ግን ፕሮሰሰሩ 5000 ኬልቪን ደረሰ፣ አየሩ ምንም አልሞቀም። ኢንተርፌስ በሚለው ስር ምንም የለም። ስንት ሪጅን ያስፈልገኛል? ብሎኖቹንስ ምን ላድርጋቸው?»

ከ5000 ኬልቪኑ ልጀምር፤ ችግሩን በሙሉ የሚናገረው እሱ ነውና። ይህ ቁጥር ፕሮሰሰርዎ የደረሰበት የሙቀት መጠን አይደለም። በፊዚክስ ኮንቲኑኡም (ለአንድ ዓይነት ቁስ የሚመረጡ የፊዚክስ ሞዴሎች ስብስብ) ስር፣ ሬፈረንስ ቫልዩስ ውስጥ፣ «ማክሲመም አላወብል ቴምፕሬቸር» የሚባል ጣሪያ አለ፤ ማንም ካልነካው 5000 ኬልቪን ላይ ነው። ስሌቱ ከዚያ ሊያልፍ ሲል ሶፍትዌሩ እዚያው ይገታዋል፤ በስንት ሴል ላይ እንደገታም በአውትፑት መስኮቱ ላይ ይጽፋል። ያንን መስመር ሲያዩ ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ ወይም ሪላክሴሽን ፋክተሩን (መልሱ በየዙሩ የሚለወጥበትን ልክ) ለመቀነስ አይሞክሩ፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው።

መውጫ ያጣበት ምክንያት ቀላል ነው። ለአንድ ፓርት ሪጅን ሲሰጡ ገጾቹ በሙሉ የዎል (የግድግዳ) ዓይነት ባውንደሪ፣ ማለትም ወሰን፣ ሆነው ይፈጠራሉ፤ የዎል ነባሪ የሙቀት ሁኔታ ደግሞ አዲያባቲክ፣ ማለትም ሙቀት የማያሳልፍ፣ ነው። በሁለት ሪጅኖች መካከል ኢንተርፌስ ከሌለ፣ በስክሪኑ ላይ ፕሮሰሰሩና ሂትሲንኩ ገጽ ለገጽ ተጣብቀው ቢታዩም፣ ለስሌቱ ሁለት የማይተዋወቁ ዓለሞች ናቸው። ፕሮሰሰርዎ በስድስቱም ገጽ ተዘግቶ በየሰኮንዱ 15 ጁል ይጨመርበታል። ሙሉ በሙሉ ሲሊከን ነው ብንል ክብደቱ ወደ 1.9 ግራም፣ የሙቀት አቅሙ ወደ 1.3 ጁል በኬልቪን ይሆናል፤ በትራንዚየንት (ከጊዜ ጋር በሚለዋወጥ ስሌት) ቢያስሮጡት በየሰኮንዱ ከ11 ኬልቪን በላይ ሲጨምር ያዩታል። በስቴዲ (ከጊዜ ጋር በማይለዋወጥ ስሌት) ግን መልስ የሌለው እኩልዮሽ ነው፤ ስለዚህ ጣሪያው እስኪመታ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ፓርት የጂኦሜትሪ ነገር ነው፤ ቅርጹን ይይዛል። ሪጅን የፊዚክስ ነገር ነው፤ በዚያ ይዘት ውስጥ የትኞቹ እኩልዮሾች፣ በየትኛው ማቴሪያል፣ በምን ዓይነት የሙቀት ምንጭ እንደሚፈቱ ይይዛል። ሕጉም ጥብቅ ነው፦ አንድ ፓርት በአንድ ጊዜ የአንድ ሪጅን ብቻ ነው፣ አንድ ሪጅን ግን ብዙ ፓርቶችን መያዝ ይችላል። በባውንደሪም እንዲሁ፤ አንድ የፓርት ገጽ ለአንድ ባውንደሪ ብቻ ይመደባል፣ አንድ ባውንደሪ ብዙ ገጾችን ይይዛል። ስለዚህ የሪጅን ብዛት ከካድ ዛፉ ላይ ተቆጥሮ አይገኝም። የሚቆጠረው ከፊዚክሱ ነው።

በእርስዎ ሞዴል አየሩ ፍሉይድ (የሚፈስ ነገር) ስለሆነ አንድ ሪጅን ይወስዳል፤ ይህ አያከራክርም። ቦርዱ ሌላ ነው፤ ሙቀት በርዝመቱና በውፍረቱ አቅጣጫ እኩል አይሄድበትም። ባለ 1.6 ሚሊ ሜትር ቦርድ ውስጥ እያንዳንዳቸው 35 ማይክሮ ሜትር የሆኑ አራት የመዳብ ንጣፎች ቢኖሩና መዳቡ ግማሹን ቢሸፍን፣ ኮንዳክቲቪቲው (ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ) በርዝመቱ አቅጣጫ ወደ 17 ዋት በሜትር ኬልቪን ይደርሳል፤ በውፍረቱ ግን ከ0.3 ብዙም አይርቅም። አናይሶትሮፒክ (እንደ አቅጣጫው የሚለያይ) ኮንዳክቲቪቲ ያለው የራሱ ኮንቲኑኡምና የራሱ ሪጅን ይኑረው። ሳጥኑና ሂትሲንኩ ከአንድ ዓይነት አሉሚኒየም ከሆኑ በአንድ ሪጅን ቢያስቀምጧቸው ምንም አይጎድልም፤ ሪፖርቶችን በፓርት ለይቶ ማውጣት ስለሚቻል «ለብቻው ማየት እፈልጋለሁ» የሚለው ብቻውን ሪጅን ለመለየት በቂ ምክንያት አይደለም።

ቺፖቹ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በሪጅኑ ፊዚክስ ኮንዲሽንስ ውስጥ የኢነርጂ ሶርሱን «ቶታል ሂት ሶርስ» ብለው ዋት ሲያስገቡ፣ ቁጥሩ የሪጅኑ ነው፤ ለፓርቶቹ የሚከፋፈለውም በይዘታቸው ልክ ነው። አራቱን ቺፖች በአንድ ሪጅን አስገብተው 18 ዋት ቢሰጡ ድምሩ ልክ ይሆናል፣ ድርሻው ግን ይዛባል። የፕሮሰሰሩ ይዘት 800 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ነው፣ የሦስቱ ትንንሾች ድምር 108። ፕሮሰሰሩ 15.86 ዋት ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ትንሽ ቺፕ 0.71 ብቻ ይደርሰዋል። ትንንሾቹ ከሚገባቸው ሙቀት ወደ 29 በመቶ ያህል ጎደላቸው ማለት ነው፤ ድምሩን ብቻ የሚያይ ሰው ስህተቱን አያገኘውም። ሦስቱ ትንንሾች ግን በይዘትም በዋትም እኩል ስለሆኑ በአንድ ሪጅን ሆነው 3 ዋት ቢሰጣቸው እያንዳንዱ በትክክል 1 ዋት ያገኛል።

እንግዲህ ለእርስዎ አምስት ሪጅን ይበቃል፦ አየር፣ ቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ሦስቱ ትንንሽ ቺፖች አንድ ላይ፣ ሳጥንና ሂትሲንክ አንድ ላይ። ሂትሲንኩ ከሌላ ቅይጥ ከሆነ ስድስት። ጠጣር ክፍሎቹ በደርዘን የሚቆጠሩ ቢሆኑ ኖሮ ሌላ መንገድ እመክር ነበር፤ «መልቲ ፓርት ሶሊድ» የሚባለውን ሞዴል በጠጣሩ ኮንቲኑኡም ውስጥ ከመረጡ፣ በአንድ ሪጅን ውስጥ ላሉ ፓርቶች የተለያየ ማቴሪያል መስጠት ይቻላል። መጀመሪያ ሁሉንም በአንድ ሪጅን ሲያደርጉ የፈለጉት ይህን ነበር፤ ግን አየሩን ከጠጣር ጋር መቀላቀል በዚህም አይፈቀድም።

ስለ አየሩ ካነሣን፣ ከካድ ባስገቡት ዝርዝር ውስጥ አየር የሚባል ፓርት እንዳልጠቀሱ ልብ ብያለሁ። ከካድ የሚመጣው ጠጣሩ ነው፤ አየሩ ባዶ ቦታ ስለሆነ ማንም አልሣለውም። «አየሩ ምንም አልሞቀም» ያሉት ምናልባት የሳጥኑን ፓርት ወይም ሌላ ብሎክ አየር አድርገው ስለመደቡ ሊሆን ይችላል። አየሩን ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። በ3ዲ ካድ ውስጥ መግቢያና መውጫውን በክዳን ዘግቶ የውስጡን ይዘት ማውጣት አንዱ ነው፤ ካዱ ንጹሕ ሲሆን ይህን እመርጣለሁ። ሁለተኛው የሳጥኑን ውጫዊ ልክ የያዘ ብሎክ ሠርቶ፣ በኦፕሬሽንስ ስር «ሰብትራክት» ፈጥሮ፣ ብሎኩን ታርጌት ማድረግና ጠጣሮቹን በሙሉ ከእሱ መቀነስ ነው።

በሁለተኛው መንገድ የሚሄዱ ከሆነ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው፦ ሰብትራክት ሲያልቅ ብሎኩ አይጠፋም። በፓርትስ ዝርዝር ውስጥ «ብሎክ» እና «ሰብትራክት» ሁለቱም ይታያሉ፤ ሁሉንም መርጠው ለሪጅን ሲመድቡ ብሎኩም አብሮ ይገባል። ያኔ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ይዘት ተደራርቦ ይቀመጣል። ብሎኩ እንዲቀነስለት ብቻ የተሠራ ነው፤ ሪጅን አይሰጠውም። ሁለተኛው፦ ብሎክ ሲፈጠር ስድስቱም ገጾቹ በአንድ የፓርት ገጽ ስም ስር ናቸው። ከተቀነሰ በኋላ የአየሩ መግቢያና መውጫ ሁለቱም «ብሎክ ሰርፌስ» በሚል አንድ ስም ውስጥ ይቀራሉ። እንዲሁ ከመደቡት መግቢያና መውጫው አንድ ባውንደሪ ይሆናሉና ቬሎሲቲ ኢንሌትና ፕሬዠር አውትሌት (በፍጥነት የሚገለጽ መግቢያና በግፊት የሚገለጽ መውጫ) ለየብቻ መስጠት አይቻልም። የፓርት ገጹን በቀኝ ክሊክ «ስፕሊት ባይ ፓች» ብለው ይለዩና «መግቢያ»፣ «መውጫ» ብለው ይሰይሙ። ስያሜው ከመመደቡ በፊት ይቅደም፤ ባውንደሪው ስሙን የሚወርሰው ከፓርት ገጹ ነው፣ በኋላ 40 «ፌስስ» የሚል ባውንደሪ እየከፈቱ የትኛው የት እንደሆነ መፈለግ ቀን ይበላል።

የወጣውን አየር አንድ ወጥ መሆኑንም ያረጋግጡ። በብሎን ቀዳዳ ውስጥ፣ በቺፕ ስር፣ በሁለት ቆርቆሮ መካከል የታሰረ ትንሽ አየር ከሰብትራክት ጋር አብሮ ይወጣል። እነዚህ ኪሶች መግቢያም መውጫም የላቸውም፤ በአይዲያል ጋዝ ሲሠሩ ግፊታቸው የሚያርፍበት ስለሌለ ሬዚጁዋሉን (የስሌቱን ቀሪ ስህተት) ያናውጣሉ። ከተመደበ በኋላ ሪጅኑን በቀኝ ክሊክ «ስፕሊት ነን ኮንቲጉየስ» ሲሉት የተነጠሉት ሁሉ ለብቻቸው ይወጣሉ። ትልቁን ያስቀሩ፤ ትንንሾቹ ግን ከካዱ መዘጋት አለባቸው። ሪጅናቸውን ብቻ ሰርዞ ማለፍ አንዳንዴ ይሠራል፣ ግን ጂኦሜትሪው ሲታደስ ተመልሰው ይመጣሉ።

ቀጥሎ ኢንተርፌሱ። ሶፍትዌሩ ኢንተርፌስን ከባዶ አይፈጥርም፤ የሚፈጥረው ከኮንታክት ነው። ኮንታክት ማለት ሁለት ፓርቶች የሚጋሩት ገጽ እንዳለ የተመዘገበ መረጃ ሲሆን በእያንዳንዱ ፓርት ስር «ኮንታክትስ» በሚለው ውስጥ ይታያል። ከካድ ያስገቡት ስብስብ ይህን መረጃ ይዞ ካልመጣ፣ መመደቢያው መስኮት ላይ ምንም ቢመርጡ ኢንተርፌስ በሚለው ስር ምንም አይኖርም። የእርስዎም ጉዳይ ይኸው ነው።

ኮንታክት የሚገኘው በ«ኢምፕሪንት» ነው፤ የሚነካኩ ፓርቶችን ገጽ አንዱን በሌላው ላይ አትሞ የጋራ የሚያደርግ ሥራ ነው። ጠጣሮቹን በሙሉና የአየሩን ፓርት አንድ ላይ አስገብተው ያስኪዱት። የካድ መረጃው ካለ የካድ ኢምፕሪንቱን ይምረጡ፤ ወደ ሦስት ማዕዘን የተቀየረ ገጽ ብቻ ካለዎት ዲስክሪቱን። ዲስክሪቱ ላይ ቶለራንሱ (እንደተነካኩ የሚቆጠሩ ገጾች የሚፈቀድላቸው ርቀት) ወሳኝ ነው፦ እንዲዘጋ ከሚፈልጉት ክፍተት መብለጥ፣ ከሞዴሉ ቀጭን ክፍል ደግሞ በብዙ ማነስ አለበት። ባለ 0.5 ሚሊ ሜትር የሂትሲንክ ክንፍ ባለበት ሞዴል ላይ 0.3 ቶለራንስ የሰጠ ሰው ክንፎቹን ሲያጨማድድ ያያል። ፓርቶች እርስ በርስ የገቡበት ቦታ ካለ፣ ለምሳሌ የቺፕ እግር በቦርዱ ውስጥ ሰምጦ ከተሣለ፣ ኢምፕሪንት አያስተካክለውም፤ እግሩን ከቦርዱ ቀድሞ መቀነስ ያስፈልጋል።

ኢምፕሪንቱ ካለቀ በኋላ ከመመደብዎ በፊት የፕሮሰሰሩን ኮንታክትስ ይክፈቱ። ሦስት መሆን አለበት፦ በታች ከቦርዱ፣ በላይ ከሂትሲንኩ፣ በአራቱ ጎን ከአየሩ ጋር። ሁለት ብቻ ካገኙ፣ ማለትም ቦርድና አየር ብቻ ካለ፣ የአየሩን ኮንታክት ነክተው በስክሪኑ ላይ ይዩት። ከጎኖቹ ሌላ የላይኛው ገጽም አብሮ ከደመቀ፣ በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ክፍተት አለ፤ አየሩም ገብቶበታል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ካዱን የሣለው ሰው ለተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) 0.1 ሚሊ ሜትር ትቶ ፔስቱን ራሱን ሳይሥለው ሲቀር ነው።

ያ ክፍተት ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እንየው። 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ የአየር ንጣፍ፣ ኮንዳክቲቪቲው 0.026፣ ስፋቱ 400 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን 9.6 ኬልቪን በዋት ይቃወማል። 15 ዋቱ በሙሉ በዚያ ይለፍ ቢባል ልዩነቱ 144 ኬልቪን ነው። በቦታው ኮንዳክቲቪቲው 3 የሆነ ፔስት ቢኖር 0.083 ኬልቪን በዋት፣ ማለትም 1.25 ኬልቪን ብቻ። አደገኛነቱ ውጤቱ ሊታመን የሚችል መምሰሉ ላይ ነው። 5000 ኬልቪን ያየ ሰው ስህተት እንዳለ ወዲያው ይገባዋል፤ ፕሮሰሰሩ 150 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲል ግን «ሂትሲንኩ አንሷል» ተብሎ የዲዛይን ውሳኔ ይወሰንበታል።

መፍትሔው ፔስቱን በ0.1 ሚሊ ሜትር ሜሽ መሙላት አይደለም፤ ሴል ያበዛል እንጂ የሚጨምረው ነገር የለም። ሂትሲንኩን 0.1 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርገው ከፕሮሰሰሩ ጋር ያገናኙ፣ እንደገና ኢምፕሪንት ያድርጉ፣ ከዚያ በሁለቱ መካከል በሚፈጠረው ኮንታክት ኢንተርፌስ ላይ የፔስቱን ተቃውሞ ያስገቡ። ውፍረቱን በኮንዳክቲቪቲው ማካፈል ነው፦ 0.0001 ሲካፈል ለ3፣ 0.0000333 ካሬ ሜትር ኬልቪን በዋት ይሆናል። የሚያስገቡት በስፋት ያልተካፈለው ይህ ቁጥር ነው፤ 0.083ን ያስገባ ሰው ተቃውሞውን 2500 እጥፍ አበዛው።

መመደቡ አሁን የደቂቃ ሥራ ነው። ቀድሞ የፈጠሯቸውን ሪጅኖች ያጥፉ፤ በላያቸው ላይ እንደገና መመደብ ባዶ ሪጅንና የተንጠለጠለ ባውንደሪ ያስቀራል። በፓርትስ ስር አየሩን፣ ቦርዱንና ፕሮሰሰሩን ይምረጡና በቀኝ ክሊክ «አሳይን ፓርትስ ቱ ሪጅንስ» ብለው «ክሪዬት ኤ ሪጅን ፎር ኢች ፓርት» የሚለውን ይውሰዱ። ሦስቱን ትንንሽ ቺፖች ለብቻ መርጠው «ክሪዬት ዋን ሪጅን ፎር ኦል ፓርትስ»፤ ሳጥንና ሂትሲንኩንም እንዲሁ። ስለ ባውንደሪ በሚጠይቅበት ቦታ ለአየሩ «ለእያንዳንዱ የፓርት ገጽ አንድ ባውንደሪ» የሚለው ትክክል ነው፣ መግቢያና መውጫው የሚለየው በዚያ ነውና። ለጠጣሮቹ ግን አንድ ባውንደሪ ለሁሉም ገጽ ይበቃል፤ የሂትሲንኩን 60 ገጽ ለየብቻ መዘርዘር ዛፉን ከማርዘም ውጪ ጥቅም የለውም። ኢንተርፌስን በተመለከተ ከኮንታክት እንዲፈጠር የሚለውን ይምረጡ።

በየተራ ስለመደቡ፣ መጨረሻ ላይ ኢንተርፌስ የሚለውን ከፍተው ከኮንታክቶቹ ጋር ያስተያዩ። የጎደለ ካለ የሁለቱን ሪጅን ባውንደሪዎች ኮንትሮል ተጭነው አብረው መርጠው በቀኝ ክሊክ «ክሪዬት ኢንተርፌስ» ማለት ይቻላል። ዓይነቱ በጠጣርና ጠጣር እንዲሁም በጠጣርና ፍሉይድ መካከል «ኮንታክት ኢንተርፌስ» ነው። «ኢንተርናል ኢንተርፌስ» ፍሉይድ ከፍሉይድ ለሚያልፍበት ነው፤ ለምሳሌ የሚሽከረከር ፋን ቢኖርዎ ዙሪያው ለብቻው ሪጅን ሆኖ ከቀሪው አየር ጋር የሚገናኘው በእሱ ነው። አንድ ፓርት ብቻ ወደ ሌላ ሪጅን ማዛወር ሲፈልጉ ሁሉንም እንደገና አይመድቡ፤ ፓርቱን በቀኝ ክሊክ «ሴት ሪጅን»፣ ገጹን ደግሞ «ሴት ባውንደሪ» ይበቃል።

አንድ ነገር ስለ መጀመሪያው ሙከራዎ ልጨምር፤ ወደፊት ይገጥምዎታል። ሁለት የሚነካኩ ፓርቶች በአንድ ሪጅን ስለገቡ ብቻ በመካከላቸው ያለው ገጽ አይጠፋም። ኢንተርፌስ ካልተፈጠረበት እዚያም ሁለት ግድግዳ ጀርባ ለጀርባ ይቆማል፤ ሙቀት አያልፍም፣ ፍሉይድ ከሆነም ይዘጋል። በእውነት አንድ አካል እንዲሆኑ ከፈለጉ ከመመደቡ በፊት በ«ዩናይት» ያዋሕዷቸው።

ኮንቲኑኡሙ ላይ ብዙ አልቆይም። የየሪጅኑን ኮንቲኑኡም መርጠው ዓይነቱ ፍሉይድ ወይም ሶሊድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አዲስ ሪጅን ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ኮንቲኑኡም ይዞ ስለሚጀምር ፕሮሰሰሩ ሳይታወቅ አየር ሆኖ ሊቀር ይችላል። የሁሉም ኮንቲኑኡም የጊዜ ሞዴል አንድ መሆን አለበት፤ አየሩ ስቴዲ ከሆነ ጠጣሮቹም ስቴዲ። ሴግሪጌትድንና ከፕልድን (እኩልዮሾቹን በየተራ ወይም በአንድ ላይ የሚፈቱትን ሁለት ስልቶች) በአንድ ሞዴል አያደባልቁ።

ሜሹ ላይ ደግሞ ሁሉንም ፓርቶች በአንድ «ኦቶሜትድ ሜሽ» ኦፕሬሽን ውስጥ ያስገቡ። ፖሊሄድራል ሜሸር (ብዙ ገጽ ያላቸው ሴሎችን የሚሠራው) በጋራ ገጹ ላይ በሁለቱም በኩል ፊት ለፊት የሚገጥሙ ሴሎችን የሚሠራው ፓርቶቹ ኢምፕሪንት ሆነው በአንድ ኦፕሬሽን ሲሄዱ ነው። አየሩን በአንድ፣ ጠጣሩን በሌላ ኦፕሬሽን ካደረጉ ወይም ትሪመር (በአብዛኛው ኪዩብ ሴሎችን የሚሠራውን) ከመረጡ ገጾቹ አይገጥሙም፤ ሙቀቱ ያልፋል፣ ግን በማጋጠም ስሌት ስለሆነ ጠርዝ አካባቢ የሚቀር ይኖራል። ለቦርዱ ቲን ሜሸርን (ለቀጭን አካል ሴሎችን በንብርብር የሚሠራውን) ያብሩ፤ በ1.6 ሚሊ ሜትሩ ውስጥ ሦስት ንብርብር ያህል ይበቃል፣ ያለ እሱ ግን ፖሊው ቀጭኑን ቦርድ ለመሙላት ሚሊዮን ሴል ሊያባክን ይችላል።

ከማስሮጥዎ በፊት ሁለት ምርመራ ያድርጉ። አንደኛ፣ ለየሪጅኑ የይዘት ድምር ሪፖርት ያውጡ። ፕሮሰሰሩ 800 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 0.0000008 ኪዩቢክ ሜትር መስጠት አለበት። በቢሊዮን እጥፍ ከበለጠ ካዱ ሲገባ ሚሊ ሜትሩ እንደ ሜትር ተቆጥሯል። ዜሮ ከሆነ ወይም ሪጅኑ ሴል ከሌለው፣ ፓርቱ ተመድቧል ግን በሜሽ ኦፕሬሽኑ ውስጥ አልገባም። የተገላቢጦሹም አለ፤ ሜሽ የተሠራለት ፓርት ሪጅን ካልተሰጠው ሶልቨሩ ጨርሶ አያየውም። ሁለተኛ፣ ኢኒሻላይዝ ሲያደርጉ (ስሌቱን በመነሻ ዋጋ ሲያዘጋጁ) በአውትፑት መስኮቱ ላይ እያንዳንዱ ኢንተርፌስ ስንት በመቶ እንደተጋጠመ ይጻፋል። 100 ወይም ለእሱ በጣም የቀረበ መሆን አለበት። ያልተጋጠመው ቀሪ አዲያባቲክ ዎል ሆኖ ስለሚቀር፣ 70 በመቶ ያለው ኢንተርፌስ የማቀዝቀዣዎን ሲሶ ያህል ዘግቶብዎታል።

ከሮጠ በኋላ የሚያጽናናው ሬዚጁዋል ሳይሆን የሙቀት ሒሳብ ነው። ለሙከራ የሳጥኑን ውጫዊ ገጽ አዲያባቲክ ይተዉት። የሚገባው አየር 0.005 ኪሎ ግራም በሰኮንድ ቢሆን፣ 18 ዋት ሲካፈል ለ0.005 እና ለ1006 ጁል በኪሎ ግራም ኬልቪን፣ የመውጫው አየር ከመግቢያው በ3.6 ኬልቪን መብለጥ አለበት። 3.0 ካገኙ ወደ 3 ዋት ያህል የሆነ ቦታ ቀርቷል፤ ትንንሾቹ ቺፖች በድምር የሚያመነጩትም 3 ዋት ስለሆነ የእነሱን ኢንተርፌስ አስቀድሜ አያለሁ።

በሌላ ሶፍትዌር ቢሠሩም አሳቡ አይለወጥም፣ ስሙ እንጂ። በፍሉዌንት ሪጅን የሚባለው ሴል ዞን ነው፤ የኢምፕሪንቱን ሥራ በስፔስክሌም የካድ ፕሮግራም ውስጥ «ሼር ቶፖሎጂ» ይሠራል፣ ከተሳካም በጋራ ገጹ ላይ ዎልና የዎል ሻዶ ጥንድ ይወጣል፤ የሙቀት ሁኔታው «ከፕልድ» መሆኑን ያያሉ። ሻዶ ከሌለ ገጹ አልተጋራም። በኦፕንፎም ደግሞ ሜሹ በሴል ዞን ተለይቶ በኋላ በየሪጅኑ ይሰነጠቃል።

ብሎኖቹን የሚወስነው ስንት ዋት እንደሚያልፍባቸው ነው። ባለ 3 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ብረት ብሎን፣ ርዝመቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ኮንዳክቲቪቲው ወደ 16 ሲሆን፣ ተቃውሞው 88 ኬልቪን በዋት ነው። በቦርዱና በሳጥኑ መካከል 20 ኬልቪን ልዩነት ቢኖር አንዱ 0.23 ዋት፣ አራቱ 0.9 ዋት ያሳልፋሉ፤ ከ18 ዋት 5 በመቶ ነው። በ3ዲ ካድ ውስጥ ያጥፏቸው፤ ቀዳዳቸውንም ይሙሉ፣ አለዚያ ያ የታሰረ አየር ተመልሶ ይመጣል። ቦርዱን ከሳጥኑ ከፍ አድርገው የሚይዙት መቆሚያዎች ናስ ከሆኑ ግን ይለያል። 15 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋትና 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ኮንዳክቲቪቲው ወደ 115 የሆነ የናስ መቆሚያ ተቃውሞው 5.8 ኬልቪን በዋት ብቻ ነው፤ በዚያው 20 ኬልቪን እያንዳንዱ 3.4 ዋት ያህል ሊያወጣ ይችላል። እነዚህን ያስቀሩ፣ አራቱን በአንድ የናስ ሪጅን ይመድቡ፣ ከኢምፕሪንቱ በኋላም እያንዳንዱ ከቦርዱም ከሳጥኑም ጋር ኮንታክት እንዳለው ይዩ።